አንቀመጥም ያሉት ሽማግሌዎች

የሕይወቴ ትልቁ ጉዳይ ሲወሰን እኔ ጋቢ ተከናንቤ ሲኒማ ቤት ወንበር ሥር ተደፍቼ ነበር። ውሸት የመሰለው ካለ ፉትስክሬይ ድረስ ይምጣና ጋሼ ታደሰን ይጠይቅ፤ ጋቢው የሳቸው ነው። ትንሽ ጨማምረው እንደሚነግሩት ግን ከወዲሁ አስጠነቅቃለሁ።

ያኔ ሜልበርን ከመጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆነውኛል። በተማሪነት መጥቼ፣ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሊፍት የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አስኮት ቬል ጠባብ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሊፍት ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፉትስክሬይ ጋሼ ታደሰ ሱቅ ጎራ እላለሁ። ሽሮዬንና በርበሬዬን እገዛለሁ፣ ክሳቴ ይተረባል፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። “እዚህ አገር ማን አለህ?” ብሎ የጠየቀኝን ሁሉ “ማንም የለኝ” እለው ነበር። ደግሞ ስናገረው ትንሽ ኩራት ቢጤ ነበረችበት።

ሚሊጻን ያገኘኋት በሥራዬ ነው። የምትሠራበት ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባት በድምፅ ማጉያው የማነጋግራት እኔ ነበርኩ። “አይዞሽ፣ ሊፍቱ አይወድቅም” አልኳት።

“የሚወድቅ ቢሆን ትነግረኝ ነበር?” አለችኝ።

በሩን ስከፍተው ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ብርቱካን ስትልጥ አገኘኋት፤ ግማሹን ሰጠችኝ። እኔ እዚያው አለቀልኝ። ቤተሰቦቿ ከሰርቢያ ናቸው፣ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ሜልበርን ነው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከአባቷ ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። አባቷ ዞራን ይባላሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ሲያነጥፉ የኖሩ፣ ጉልበታቸው የተጎዳ፣ ንግግር የማይወዱ ሰው ናቸው።

እኔን ደግሞ ከንግግርም በላይ አልወደዱኝም። ሳያዩኝ ነው እንግዲህ። ሚሊጻ ስለ እኔ ስትነግራቸው እንዲህ አሏት፦ “ጥቁር ነው ብዬ አይደለም። ሰው የለውም። አባቱን አላውቅ፣ አጎቱን አላውቅ። ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ የማንን በር ነው ሄጄ የማንኳኳው?”

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ አባቴ የእህቴን ባል “ማነው? የማን ልጅ ነው?” ብለው አንድ ዓመት ያንከራተቱት በዚሁ ምክንያት ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም ማለት ነው፣ እንደ አባቴ ናቸው። እሱ ደግሞ ይባስ አስፈራኝ። እኔ ሚሊጻን ማግባት እፈልጋለሁ፣ እሷ ደግሞ “አባቴን ትቼ የትም አልሄድም” ብላ ገና ድሮ ነግራኛለች። ስለዚህ አባቷ ሳያዩኝ የጋብቻ ጥያቄ አላነሣም ብዬ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ስልክ ደወለችልኝ። “እሑድ ከሰዓት የስታና ፊልም ይታያል። የሰርቦች ማኅበር ሲኒማ ቤቱን ሙሉ ተከራይቶታል። አባቴ እመጣለሁ ብሏል!”

ስታና በሕዝብ ዘፈን የታወቀች ሟች ዘፋኛቸው ናት። ሰርቦች ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የሚሊጻ እናት ወጥ ሲሠሩም፣ ልብስ ሲተኩሱም የሚያንጎራጉሩት የስታናን ዘፈን ነበር። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ግን አባቷ የስታና ድምፅ እቤት እንዳይሰማ አድርገዋል።

“በዕረፍት ሰዓት አስተዋውቅሃለሁ” አለችኝ ሚሊጻ። “ልቡ ለስለስ ብሎ ታገኘዋለህ። ‘ጤና ይስጥልኝ’ ትለዋለህ፣ አለቀ።”

“‘ጤና ይስጥልኝ’ ብቻ?”

“ብቻ! ሌላ ነገር እንዳታመጣ፣ ሄኖክ።”

እኔ ሌላ ነገር ላመጣ አላሰብኩም። ያመጣብኝ የራሴ ምላስ ነው። ቅዳሜ ጋሼ ታደሰ ሱቅ ሄጄ፣ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ፣ ነገ፣ ‘ሰው የለውም’ ካሉኝ ፈረንጅ አማቴ ጋር ልተዋወቅ ነው ብዬ ነገርኳቸው። ጋሼ ታደሰ ሽሮ እየመዘኑ ነበር፤ ማንኪያቸውን አስቀመጡና አዩኝ።

“የት?”

“ሲኒማ ቤት።”

“ከማን ጋር ሆነህ?”

“ብቻዬን ነዋ።”

“የሰው ልጅ ልትጠይቅ፣ ብቻህን፣ ያውም ፊልም ቤት ደጃፍ! እንደ ባቡር ትኬት!” ድምፃቸው ሱቁን ሞላው። “ሰውየው ‘ሰው የለውም’ ያለህ እውነቱን ነው። አንተ ነህ ያስባልከው።”

“ጋሼ፣ እኔ የምጠይቀው የለም፣ ሰላም ብቻ…”

“ዝም በል። ሽማግሌ ይላካል።”

ከጓዳ እትዬ አበበች፣ የጋሼ ታደሰ ባለቤት፣ እጃቸውን እያደራረቁ ብቅ አሉ። “ፈረንጅ ናት? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባል የለም እንዴ?” አሉና ፊቴን ሲያዩ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ “ውይ፣ ልጄን! ለመሆኑ ቆንጆ ናት?” ብለው ስልኬን ቀሙኝ። ፎቶዋን አዩ። “ሽማግሌው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚሄደው?” ብለው ነጠላቸውን ሊፈልጉ ገቡ።

ሦስተኛው ሽማግሌ ጋሼ ኤልያስ ሆኑ። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መሪ ናቸው፣ እንግሊዝኛቸው እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል፣ ሲዋሹ ደግሞ ታይተው አያውቁም። “ጌታን ካገኘሁ ጀምሮ ፊልም ቤት ረግጬ አላውቅም” አሉ መጀመሪያ። “ዘፈን ያለበት ፊልም ነው እንዴ?”

“እንዲያው አልፎ አልፎ” አልኩኝ፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ።

ያን ዕለት የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ፊልሙ እስኪያልቅ ማንም እንዳይናገር፣ ያውም ውጪ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ በለሆሳስ እንዲሆን ቃል አስገባኋቸው። ጋሼ ታደሰም በተራቸው ቃል አስገቡኝ። “በወጋችን፣ ሽማግሌ ሲሄድ ሙሽራው አይገኝም። ስለዚህ አንተ እዚያ ብትኖርም የለህም። ገብቶሃል?” አሉኝ። እንደ ገባኝ ነገርኳቸው።

እሑድ ደረሰ። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ግርግሩ የሠርግ ቤት ነው። እንደ በር የሰፋ ትከሻ ያላቸው ወንዶች ይተቃቀፋሉ፣ ጠጉራቸውን የተሠሩ ሴቶች አይብ የገባበት ትኩስ ዳቦ በሳህን ይዘው ያዞራሉ። እትዬ አበበች አንዱን ቀምሰው ሁለተኛውን በሶፍት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ጋሼ ታደሰ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከላዩ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሲገቡ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። የፊልሙ ተዋናይ የመሰሉት ሰው ሳይኖር አይቀርም።

ቦታ የያዝነው መሐል ላይ ነው። መብራቱ ሊጠፋ ሲል ሚሊጻ አባቷን ደግፋ መጣችና ከኋላችን ካለው ረድፍ፣ ልክ ከጀርባዬ ተቀመጡ። ዞራን ግዙፍ ናቸው፣ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። ሚሊጻ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ “እነዚህ እነማን ናቸው?” አለችኝ።

“የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ ፊልም ይወዳሉ።”

ጋቢውን አየች፣ ከዘራውን አየች፣ እኔን አየችኝ። ምንም ከማለቷ በፊት መብራቱ ጠፋ።

ወገኖቼ፣ እኔ ሲኒማ ቤት ማለት ሰው ጸጥ ብሎ የሚያይበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። ስታና ገና በልጅነቷ መንደር ውስጥ ለአንድ ሠርግ ስትዘፍን አዳራሹ ማንጎራጎር ጀመረ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ በግልጽ መዝፈን ሆነ። ሦስተኛው ላይ ከፊት ያለ አንድ ባለ ትከሻ ሰውዬ ተነሥቶ፣ ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ማንም ተቀመጥ አላለውም። ስታና ከቤት ጠፍታ ወደ ከተማ ስትሄድ ሴቶቹ በስሟ እየጠሩ መከሯት፤ አኮርዲዮን የሚጫወት አንድ መልከ መልካም ሲቀርባት ደግሞ “አትመኚው!” ብለው በእንግሊዝኛም በራሳቸውም ቋንቋ ጮኹባት።

በእኛ ረድፍ ሌላ ጉድ አለ። ከታች የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ጋሼ ኤልያስ ለእትዬ አበበች ይተረጉማሉ። ግን መንፈሳዊ ሰው ናቸውና እንዳለ መተርጎም ሕሊናቸው አልፈቀደም።

“ምን አለች?” ይላሉ እትዬ።

“ውሃ አምጡልኝ አለች።”

ስታና መለኪያዋን ጨለጠችና ጠረጴዛ ላይ ወጣች።

“በውሃ ነው እንዲህ የምትንገዳገደው?”

“ደክሟት ነው።”

“አሁንስ? እሱ ምን እያደረጋት ነው?”

ጋሼ ኤልያስ መነጽራቸውን አወለቁ። “አይታየኝም” አሉ። እውነት ነበር፣ ያለ መነጽር አይታያቸውም።

አኮርዲዮነኛው ስታናን ከድቶ ሌላ ሴት ሲስም አዳራሹ አበደ። ፋንዲሻ ከየአቅጣጫው ወደ ስክሪኑ ይዘንባል። ያኔ ለእትዬ አበበች አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ “አንተ ከሃዲ!” ብለው የራሳቸውን ፋንዲሻ በእፍኝ አንሥተው ወረወሩ። እኔ ከሣቄ ጋር እየታገልኩ፣ ከኋላዬ ዞራን በዝግታ በአፍንጫቸው ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። ሚሊጻ ትከሻዬን በጣቷ ነካ አደረገችኝ፤ ጥሩ ምልክት ነው ማለቷ እንደ ሆነ ገባኝ። በዓለም ላይ ከኔ የበለጠ ደስተኛ የሊፍት ጠጋኝ አልነበረም።

ድንገት መብራቱ በራ። ፊልሙ ረጅም ስለሆነ አዘጋጆቹ መሐል ላይ ዕረፍት አድርገዋል። ሚሊጻ ተነሣችና “ለሁላችንም ቡና ይዤ ልምጣ፣ ከዚያ አስተዋውቃችኋለሁ” ብላኝ ከሰው ጋር እየተጋፋች ወጣች።

ጋሼ ታደሰ ዙሪያቸውን አዩ። መብራት በርቷል፣ ሰው ተነሥቷል፣ ስታና ተከድታ ብቻዋን ቀርታለች። ለሳቸው ፊልሙ አልቋል።

“የቱ ነው?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ገና…”

“የቱ ነው አልኩህ!”

ዓይኔ ሳይታዘዘኝ ወደ ኋላ ሄደ። ጋሼ ታደሰ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈፉና በጭንቅላቴ ላይ ጣሉብኝ። “አንተ እዚህ የለህም!” አሉና በእጃቸው ወደ ታች ገፉኝ። ወንበሮቹ መሐል፣ ፋንዲሻው ላይ ተደፋሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን በጆሮዬ፣ ግማሹን በጋቢው ጠርዝ አጮልቄ ነው የተከታተልኩት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው፣ ዞራን ፊት ለፊት ተሰልፈው ቆሙ። ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እንደምን ዋሉ። እኛ ከሩቅ አገር የመጣን፣ እዚህ ግን የከረምን ሰዎች ነን። የመጣነው ለደግ እንጂ ለክፉ አይደለም።”

ጋሼ ኤልያስ አንድም ቃል ሳያጎድሉ በእንግሊዝኛ ተረጎሙ። አሁን ሕሊናቸው ተመችቶታል።

ዞራን ቀና ብለው አዩአቸው። “ሃይማኖት ልትሰብኩኝ ከሆነ፣ እኔ አለኝ።”

ጋሼ ኤልያስ ዕድሉ አጓጓቸው መሰለኝ፣ መልስ ለመስጠት ትንሽ ዘገዩ። “ዛሬ እንኳ ለሌላ ጉዳይ ነው” አሉ።

“እንግዲያው ተቀመጡ፣ ምን ያቆማችኋል?”

“አንቀመጥም” አሉ ጋሼ ታደሰ ሲተረጎምላቸው። “ሴት ልጅዎን ለወንድ ልጃችን እንዲሰጡን ለመለመን ነው የመጣነው። እሺ ሳይሉን አንቀመጥም። ወጋችን ነው።”

ይሄኔ መብራቱ ጠፋ። የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ጀመረ። የስታና ፊት እትዬ አበበች ነጠላ ላይ አረፈ።

“ተቀመጡ!” አለ አንድ ሰው ከኋላ።

“አንቀመጥም!” አሉ ጋሼ ታደሰ በአማርኛ።

“አይታየንም እኮ!”

“እሱን ለምኑት!” አሉ እትዬ አበበች ዞራንን በጣታቸው እያሳዩ።

ከዞራን አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ባለ ቀይ ጠጉር ሴት ነገሩን ስትሰማ ቆይታለች። ብድግ ብላ በቋንቋቸው ለአዳራሹ ሁሉ አወጀች። በኋላ እንደ ነገሩኝ “የዞራንን ልጅ ሊያጩ ነው! እሺ እስኪል አይቀመጡም!” ነበር ያለችው። ከዚያ ሣቅ ፈነዳ። ከዚያ ደግሞ ከየጥጉ “ዞራን፣ እሺ በልና ፊልሙን እንይ!” የሚል ጩኸት መጣ። አንዱ ልጁ ሰካራም መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል። ሌላው የሚጠጣ ከሆነ ጥሩ ነው ይላል። ባለ ቀይ ጠጉሯ ሴት ሁሉንም ለጋሼ ኤልያስ ታቀብላለች፣ እሳቸውም በቅደም ተከተል ይመልሳሉ። “ሥራ አለው። አይሰክርም። እግዚአብሔርን ይፈራል፤ በበቂ ሁኔታ ግን አይደለም።”

ዞራን ብቻ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ጋቢው ውስጥ ላቤ ይንቆረቆራል። ይህ ሰው በሕዝብ ፊት ተዋርዷል፣ አሁን ተነሥቶ ይሄዳል፣ ከዛሬ በኋላ የሚሊጻን ደጅ አልረግጥም ብዬ ደመደምኩ። ሚሊጻ መጥታ ይህን ስታይ ምን እንደምትል ማሰብ እንኳ አልቻልኩም።

በዚህ መሐል ከስክሪኑ ቀስ ያለ ዜማ መጣ። ጩኸቱ ባንዴ ጸጥ አለ። ኋላ እንደ ሰማሁት፣ የማይመለስ ሰው ይመጣል ብላ በየማታው መስኮት ላይ መብራት ስለምታኖር ሴት የሚዘፍነው የስታና ትልቁ ዘፈን ነው። ይህ ዘፈን ሲዘፈን ሰርቦች ቁጭ ብለው አይሰሙም። አዳራሹ ሙሉ ተነሣ። ወንበሮች ሲታጠፉ ይሰማኛል። ዞራንም በታመመ ጉልበታቸው፣ የፊታቸውን ወንበር ይዘው፣ ተነሡ።

ጋሼ ታደሰ ደነገጡ። “ምን ሆኑ? ሁሉም ሊያጭ ነው እንዴ?” አሉ።

ሁሉም ይዘፍናል። ዞራን ግን አፋቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም። ከጋቢው ጠርዝ ሥር ሆኜ ፊታቸውን አየሁት፤ እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል፣ አይጠርጉትም። እትዬ አበበች ከዘፈኑ አንድ ቃል አይገባቸውም። ግን ሰው ሲያለቅስ ማየት አይችሉም። በወንበሩ ላይ ተንጠራርተው የነጠላቸውን ጫፍ ሰጧቸው። ዞራን ነጠላውን አዩት፣ እትዬን አዩአቸው፣ ተቀብለው ፊታቸውን ጠረጉበት። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። ወፍራም፣ የተሰባበረ፣ ቆንጆ ድምፅ ነው። በዙሪያቸው ያሉት እሳቸውን ለመስማት ዝም ብለው አዳመጡ።

ዘፈኑ አልቆ ሕዝቡ ተቀመጠ። ዞራን አልተቀመጡም። እሳቸው በዚያ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች በዚህ፣ ፊት ለፊት ቆሙ። አሁን ማንም ተቀመጡ አላላቸውም፤ ሰዉ ስክሪኑን ትቶ እነሱን ያያል።

“ሚስቴን ልጠይቅ ስሄድ” አሉ ዞራን ለጋሼ ኤልያስ፣ “አባቴና አጎቶቼ ነበሩ የሄዱልኝ። አማቴ በር አልከፍትም ብሎ በረዶ ላይ አቆማቸው። ቆመው አደሩ እንጂ አልሄዱም። ሚስቴ እስክትሞት ድረስ ይህን እያነሣች ትሥቅብኝ ነበር። ልጁ የታለ?”

ጋሼ ታደሰ ጋሼ ኤልያስን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። “‘የለም’ በላቸው” አሉ በሹክሹክታ። ጋሼ ኤልያስ ተጨነቁ። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

“በወጋችን መሠረት፣ የለም” አሉ። “እውነቱን ከጠየቁኝ ግን እግራችን ሥር ነው።”

ጋቢው ተገፈፈ። ፋንዲሻ ጠጉሬ ውስጥ ተሰክቶ፣ በጉልበቴ ቆሜ፣ ከሥር ወደ ላይ ግዙፉን ሰው አየሁ። ከሚሊጻ ጋር የተለማመድኩት አንድ ቃል ነበር፤ እሱኑ አልኩ። “ጤና ይስጥልኝ።”

ዞራን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሣቅ ነው! ወንበሩን ይዘው፣ እንባቸው እንዳለ፣ ይሥቃሉ።

“ሰው የለውም ብዬ ነበር” አሉ። “ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲጮህባቸው ያልተቀመጡለት ልጅ እንዴት ሰው የለውም? ተቀመጡ፣ እባካችሁ። እሺ ብያለሁ።”

ጋሼ ታደሰ ትርጉሙን እስኪጨርሱላቸው አልጠበቁም፤ ተቀመጡ። እትዬ አበበች ግን አልተቀመጡም፣ እልልታቸውን ለቀቁት። አዳራሹ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፣ ለቅጽበት ክው አለ። ከዚያ ጣራው የሚነሣ እስኪመስል አጨበጨበ። ያ ባለ ትከሻ ሰውዬ ወንበር ዘሎ መጥቶ ሦስት ጊዜ ጉንጬን ሳመኝ፣ ልክ እንደኛ። የማላውቃቸው ሴቶች ራሴ ላይ ያለውን ፋንዲሻ ይለቅማሉ። ፊልሙን የሚያየው አልነበረም።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ሰልፍ ያዘገያት ሚሊጻ ቡናውን በካርቶን ይዛ ቆማለች።

“ምን ሆነ?” አለች።

“ታጨሽ!” አለች ባለ ቀይ ጠጉሯ ሴት።

የሚሊጻ ፊት አልሣቀም። መተላለፊያውን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች፣ ቡናውን ለአንድ ሰው አስያዘች፣ መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹን፣ በመጨረሻ እኔን አየች። “እኔን ማን ጠየቀኝ?”

ደስታዬ ከእግሬ ሥር እንደ ሊፍት ወረደ። እውነቷን ነው። ከሁሉም ሰው ጋር ተነጋግረናል፣ ከባለ ትከሻው ሰውዬ ጋር ሳይቀር። እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም።

“ደሞ ልጅቷ ትጠየቃለች እንዴ?” አሉ ጋሼ ታደሰ። እትዬ አበበች ጭናቸውን ቆነጠጧቸው። “ተነሥ!” አሉ። “ተነሥ አልኩህ! ለሷም ይቆማል።” ጋሼ ታደሰ እያቃሰቱ ተነሡ። ጋሼ ኤልያስ ተነሡ። ዞራን ይህን ሲያዩ እሳቸውም፣ ልጃቸው ፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ወገን ሆነው ቆሙ። ከዚያ ባለ ቀይ ጠጉሯ ሴት ተነሣች፤ አዳራሹም ረድፍ በረድፍ ተነሣ።

ሚሊጻ ሕዝቡን ሁሉ አየች። ከንፈሯ ዳር ትንሽ ነገር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፣ ግን አላመንኩትም። “ሁላችሁም ተቀመጡ” አለች። “ስታና ልትሞት ነው፣ በደንብ ላለቅስላት እፈልጋለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ እመልሳለሁ።”

እንደ ተማሪ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ብቻ “እኛ አንችልም” ብለው፣ ሰው እንዳይጋርዱ ግድግዳው ጥግ ሄደው ቆሙ። ዞራንም አብረዋቸው ሄዱ።

ያ ቀሪ ፊልም! ስታና ታመመች፣ ያላትን ሁሉ ለሰው ሰጠች፣ ሆስፒታል ተኛች። በዙሪያዬ ሰው ይንሰቀሰቃል። እኔም አለቀስኩ፣ ግን ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም። ሚሊጻ ከጀርባዬ ናት፣ ስታለቅስ ይሰማኛል፣ ዞሬ ማየት ፈራሁ። ስታና መሞት ዘገየባት። ይቅር ትበለኝና፣ ቶሎ በይ እያልኩ በልቤ ለመንኳት።

በመጨረሻ መብራቱ በራ። ከአዳራሹ የወጣ ሰው የለም። ሚሊጻ ዓይኗ አብጦ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ ተነሣች። “ሄኖክ” አለችኝ። “ሽማግሌዎቹ ሲቆሙ አየሁ። አሁን አንተ ጠይቀኝ።”

ለሳምንታት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ። “ትወስጂኛለሽ?” አልኩ፣ ከዚህ በላይ አልወጣኝም።

“እወስድሃለሁ” አለች። “በል ሽማግሌዎችህን አስቀምጥ፤ የባለ ከዘራው ሰውዬ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።”

አንባቢዎቼ፣ የተጋባነው ከዓመት በኋላ ነው፤ ስለ ሠርጉ አላወራላችሁም፤ ሠርግ ሁሉ ሠርግ ነው። እኔን የለወጠኝ ያ የእሑድ ከሰዓት ነው። በጋቢው ሥር ተደፍቼ፣ ሕዝብ ሲጮህባቸው፣ ሦስት አዛውንቶች ስለኔ ብለው ሲቆሙ ጫማቸውን አያለሁ። የጋሼ ታደሰ ተረከዝ ተበልቷል፣ የእትዬ አበበች እግር አብጦ ከጫማው ወጥቷል። ሽሮ ከመግዛት በቀር ምን አድርጌላቸው አውቃለሁ? “ማንም የለኝ” እያልኩ የኖርኩት በነሱ ፊት ነበር፣ ሰምተውኝም ዝም ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ያን ቃል አልተናገርኩም። እናንተም በሰው አገር ብቻችሁን ያላችሁ የመሰላችሁ፣ እስቲ አንድ ችግር ይምጣና ማን እንደሚቆምላችሁ እዩ፤ የማትጠብቁት ሰው ነው የሚሆነው። ሳይመጣባችሁም በፊት ደግሞ እናንተ ለአንዱ ቁሙ።

ዞራን አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሼ ታደሰ ሱቅ አይጠፉም። አንድም የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ባለፈው ሰሞን አንድ ዘመድ የሌለው የኛ ልጅ ሆፐርስ ክሮሲንግ ያለች ልጅ ሊያጭ ሽማግሌ ቸግሮት መጣ። ጋሼ ኤልያስ ታመው ነበር፣ ሰው ጎደለ። ዞራን ነገሩ ሲገባቸው ኮታቸውን አነሡ። እኔ በመኪና አድርሻቸው በር ላይ ቆየሁ፤ የሆነውን በተከፈተው መስኮት አየሁም ሰማሁም። የልጅቷ አባት ቁጣ የሚቀድማቸው አበሻ ናቸው፣ ቶሎ እሺ አላሉም። ጋሼ ታደሰ ደክሟቸው ግድግዳ ተደገፉ። ዞራን ግን በዚያ በተጎዳ ጉልበታቸው ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ወንበር ተሳበላቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሃ መጣላቸው፣ አልነኩም።

የልጅቷ አባት በመጨረሻ ግራ ገብቷቸው ጋሼ ታደሰን ጠየቁ። “ለመሆኑ እኚህ ፈረንጅ ለልጁ ምኑ ናቸው?”

“ዘመዱ ናቸው” አሉ ጋሼ ታደሰ። “እሺ እስኪሉ ድረስም አይቀመጡም፤ እኔ ዐውቃቸዋለሁ።”